የሰማ ላልሰማ ያሰማ፦ የካውንቲ ዜናን ለወገን ማድረስ

ጎረቤቴ እማማ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው) ደብዳቤውን ያሳዩኝ የተጨመረውን ኪራይ ሦስት ወር ከከፈሉ በኋላ ነው። ጊዜው ፌብሩዋሪ 2025 ነበር፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቡና እየቆሉ ሳለ «እስቲ ይቺን እያት፤ የኢንሹራንስ እንዳትሆን» ብለው ቴሌቪዥኑ ሥር ከተከመረው ፖስታ መሐል መዘው ሰጡኝ። የኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያ ነው። ከ1,650 ዶላር ወደ 1,850። በስልኬ አሰላሁት፤ ከ12 በመቶ በላይ ይመጣል።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ። በካውንቲያችን ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የኪራይ ሕግ አለ። ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች የዓመቱ ጭማሪ፣ የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮበት የሚመጣውን ወይም 6 በመቶን፣ ከሁለቱ ዝቅ የሚለውን ማለፍ አይችልም። የካውንቲው ምክር ቤት፣ ማለትም ካውንስሉ፣ ሕጉን ያጸደቀው በጁላይ 2023 ነው፤ ከዚያ በፊት ወራት የፈጀ ክርክር ተደርጎበታል፣ ሕዝብም ሐሳቡን እንዲሰጥ ተጠርቷል። የእማማ ሕንፃ አሮጌ ነው፤ ሕጉ በቀጥታ ይመለከተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እሳቸው አልሰሙም። እኔም ብሆን የሰማሁት በአጋጣሚ ነው።

እማማ ዜና የማይከታተሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ያን ሰሞን ካዛንቺስ ውስጥ የትኛው ሰፈር እንደፈረሰ፣ የማን ቤት እንደቀረ፣ ነዋሪው ወዴት እንደተወሰደ አንድ በአንድ ይነግሩኝ ነበር። አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ስለፈረሰው ቤት ሁሉን ያውቃሉ፤ ስለሚኖሩበት ቤት የወጣውን ሕግ ግን የነገራቸው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን ተረት የዚያን ቀን ያህል ገብቶኝ አያውቅም።

ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደወልን፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅን፣ ጉዳዩ ወደ አከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ተመራ። ወራት ወሰደ እንጂ ኪራያቸው ተስተካክሎ ትርፉ ተመለሰላቸው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ኪራይ ልመክር አይደለም። ያን ደብዳቤ ካየሁ ወዲህ የአንድ ትንሽ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ የካውንቲ ዜና ክፍል የአማርኛ ጆሮና እጅ ሆኜ እየሠራሁ ነው። ከእኛ ሰው መሐል በየካውንቲው ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ካለ፣ እኔ ተደናብሬ ያወቅሁትን ቀድሞ ይወቀው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደተጓደለ መረዳት ይጠቅማል። ሞንትጎመሪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ካውንቲ ነው። ቀድሞ «ጋዜት» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ በነጻ በየደጁ ይጣል ነበር፤ በ2015 ተዘጋ። ከ1855 ጀምሮ ሲታተም የኖረው «ሴንትኔል» ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ላይ አከተመ። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ጋዜጦቹ የሚኖሩበት ገንዘብ አብሮ ሄደ። በመላው አሜሪካ ዛሬ አንድም የራሳቸው የዜና ምንጭ የሌላቸው ካውንቲዎች ከ200 በላይ ናቸው። የእኛ ዕድለኛ ነው፤ አሁንም ዘጋቢዎች አሉት። በ2022 የተጀመረውና በ2025 የፑሊትዘር የጋዜጠኝነት ሽልማት የተጋራው ለትርፍ ያልተቋቋመ «ባልቲሞር ባነር» እንኳ ሥራውን ወደ ሞንትጎመሪ ዘርግቷል። በአማርኛ ግን ማን ይጻፍ? ሚኒሶታ ውስጥ «ሳሃን ጆርናል» የሚባል የዜና ድርጅት በ2019 ሲጀመር፣ ሶማሌውም ሌላውም ስደተኛ ስለ ራሱ ሰፈር የሚያነበው አገኘ። የጀመረው ሙክታር ኢብራሂም ራሱ ሶማሌ ነው። ይህን ሳይ «እኛስ?» አልኩ።

እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት እስክመልሳቸው ድረስ መሐል ላይ ባዶ ሰዓት አለኝ፤ ካውንስሉ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ቀን ላይ ይሰበሰባል። ለዚያች የዜና ክፍል አርታኢ ኢሜይል ጻፍኩላት፦ «አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ማክሰኞ ነጻ ነኝ።» በማግስቱ ደወለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ልምዴ አልነበረም። «ደሞዝ የሚከፍልህ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው ስለ ትምህርት ቤቶች አንተ አትጽፍም» አለች፤ በዚያው ተስማማን። ያኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የማውቀው የአውቶቡሱን ነገር ነውና። ዛሬ ሳስበው ግን ለአንባቢ ያለብኝ የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነበር። ዘመድህ የሚሠራበትን፣ አንተ እንጀራ የምትበላበትን፣ የምታስቀድስበትን ቤት ጉዳይ ለሌላ ሰው ልቀቅ። ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ ዝምድናህን ጽሑፉ ራስጌ ላይ ጻፍ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ካውንስሉ ወደሚሰበሰብበት ወደ ሮክቪል በባቡር የሄደ ያውቀዋል። ሁለቱም ሬድ ላይን በሚባለው የባቡር መስመር ላይ ናቸው፤ ግን ባቡሩ ወደ ዲሲ ወርዶ መሐል ከተማውን ዞሮ ነው መልሶ የሚወጣው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ፓኬቱን አነባለሁ። ፓኬት የሚሉት የካውንስሉ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ አጀንዳ የሚያዘጋጁትን ሰነድ ነው፤ አስቀድሞ በካውንስሉ ድረ ገጽ ይወጣል፣ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል። መጀመሪያ ሰሞን ፓኬት ሳላነብ ገብቼ አንድ ቀን ሙሉ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሰዎች የተናገሩትን ብቻ ነበር። ወጥቼ አርታኢዋ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የተናገሩት አልጠፋብኝም፤ የወሰኑት ነው የጠፋኝ። ውሳኔው ያለው ሰነዱ ውስጥ ነው፤ የቱ ዓረፍተ ነገር ወጣ፣ የቱ ገባ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማንን አይመለከትም። አሁን ከቤት ስወጣ ሦስት ጥያቄ ጽፌ ነው የምወጣው፦ ምን ሊለወጥ ነው? ማንን ይነካል? ሰው እስከ መቼ ድረስ ሐሳብ መስጠት ይችላል? ሦስተኛው ከሌለ ዜናው ለእኛ ሰው መርዶ ብቻ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ የቺካጎዎቹን ልጥቀስ። «ሲቲ ቢሮ» የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ተራ ነዋሪዎችን አሠልጥኖ፣ ክፍያ እየሰጠ የመንግሥት ስብሰባ እንዲከታተሉና ማስታወሻ እንዲይዙ የሚያደርግበት «ዶኩሜንተርስ» የሚባል አሠራር አለው፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። ክፍያው ቁም ነገር ነው። በነጻ የሚሠራ ሰው ሁለት ወር ይሠራል፤ ከዚያ ኦቨርታይም ሲመጣለት ይቀራል። እኔንም ያቆየኝ በየስብሰባው የምትከፈለኝ ትንሽ ገንዘብ ናት። ማኅበር አቋቁማችሁ ወጣት ልጆችን ልታሰማሩ ካሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከካሜራ በፊት ለሰው መድቡ።

ትርጉሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ በራሪ ወረቀት ላይ ሰዎች ሐሳብ የሚሰጡበትን የካውንስል ስብሰባ «የሕዝብ ችሎት» ተብሎ ተተርጉሞ አየሁት። መዝገበ ቃላት ብታዩ ላያስነውር ይችላል። ግን ችሎት ለእኛ ሰው ዳኛ፣ ፖሊስ፣ ክስ ነው። የወረቀት ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ችሎት የሚል ሲያይ ጭራሽ በዚያ አካባቢ አያልፍም። እንጀራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያንን ወረቀት አንብቦ «ማን ተከሰሰ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ «ነዋሪው ሐሳቡን የሚናገርበት ስብሰባ» እያልን እንጽፋለን፤ ይረዝማል፣ ይርዘም። «ማፈናቀል» የሚለውንም ትተናል። ኪራይ ባለመክፈል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤት መውጣት ሕግና ደረጃ ያለው ነገር ነው፤ «ማፈናቀል» ስትለው ግን ሰው ከአገሩ የሚያውቀውን ሌላ ቁስል ነው የምትነካው፣ የሚከራከርበት መንገድ እንዳለ ረስቶ ሻንጣውን ያነሣል። «ከቤት ማስወጣት» እንላለን፤ ቀጥሎ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ እንጽፋለን። በአነስተኛ ዋጋ የሚከራዩ ቤቶችን ስንጽፍ ደግሞ ዕጣ የሚወጣበት ኮንዶሚኒየም የመሰላቸው ብዙ ናቸው፤ «ይህ ኪራይ ነው፣ ግዢ አይደለም» የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመርንበት፣ ጥያቄው ቀነሰ።

ጽሑፍ ብቻም አይበቃም። ሰዋችን ኡበር ላይ ነው፣ ፓርኪንግ ላይ ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ላይ ነው። ሦስት ደቂቃ የማትሞላ የድምፅ መልእክት ቀርጸን በቴሌግራምና በዋትሳፕ መላክ ስንጀምር ነው በእርግጥ መሰማት የጀመርነው። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ነጻ እንደሚሆን የተናገርንበት ድምፅ ከየት እስከ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ለራሴ ከሦስት የተለያዩ ግሩፖች ተመልሶ ደርሶኛል። ድምፁን ከመልቀቄ በፊት ለእማማ አሰማቸዋለሁ። ካልገባቸው እንደገና እቀርጻለሁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። የኪራይ ሕጉን በአማርኛ ያቀረብኩት በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት (በፈረንጆቹ ስፕሪንግ) ነበር። «በሞንትጎመሪ ካውንቲ አከራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም» አልኩ። አጭር፣ ግልጽ፣ ደስ የሚል ዜና። ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው ደወለልኝ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ቁጣ የለውም። የሚኖረው የአንድ አበሻ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። አከራዩ 150 ዶላር ሲጨምርበት የእኔን ድምፅ አሰማው፤ «ካውንቲው ከልክሏል» አለው። አከራዩ ጠበቃ ጠየቀ። ሕጉ በግለሰብ ስም በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያለውን ሰው አይመለከትም። ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸውን ሕንፃዎችም አይመለከትም። ሁለቱም ፓኬቱ ውስጥ ነበሩ፤ ዜናው እንዲያጥር ብዬ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየውና አከራዩ የአንድ አገር ልጆች ነበሩ፣ በዓል አብረው ይውሉ ነበር። በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ተኳረፉ። «ከሰማሁት ነገር ተነሥቼ ነው የተናገርኩት እኮ» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አጣሁ።

ለአርታኢዋ በዚያው ሰዓት ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። «ስንት ሰው ሰምቶታል?» አለች፤ «እርማቱም ለዚያን ያህል ሰው መድረስ አለበት።» ስለዚህ ጽሑፉን አርመን ብቻ አልተውነውም። የተሳሳትነው ምን እንደሆነ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ በአዲስ ድምፅ ቀርጬ፣ የመጀመሪያው በተላከበት ግሩፕ ሁሉ ላክሁ፤ እንጀራ ቤቱም፣ ካፌውም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያም ለአከራዩ ደወልኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ተከራዩ ሊያታልለው እንዳልፈለገ ነገርኩት። ይህ በሥራው ደንብ ውስጥ የለም፤ ግን ያጣላሁት እኔ ነኝና። እርማቱ ከወጣ በኋላ የሚደውልልን ሰው ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጨመረ። «እናንተ ስትሳሳቱ ትናገራላችሁ» ያሉኝ አንድ የዕድር ሊቀመንበር፣ በወር አንድ ጊዜ ዕድሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ሰጡኝ።

ስለ ስም ደግሞ። የእኛ ሰው ይነግርሃል፣ አልቅሶ ይነግርሃል፣ መጨረሻ ላይ «ስሜን እንዳትጠራ» ይልሃል። ይህን ፍርሃት አልነቅፍም፤ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። የተማርኩት፣ ስምምነቱን ከወሬው በፊት ማድረግ ነው። ደብተሬን ሳልገልጥ «ይህን ለዜና ነው የምጠይቅዎት፣ ስምዎን ልጠቅስ እችላለሁ ወይ?» እላለሁ። እምቢ ካሉ ምክንያቱን ጠይቄ ለአርታኢዋ እነግራታለሁ፣ ውሳኔው የጋራ ነው። ስማቸው የማይጠቀስ ሰዎች ሌላውን እንዲከሱ ግን አንፈቅድም። ስሙን ደብቆ የአከራዩን ስም ማጥፋት የፈለገ ሰው ወረቀት ሊያሳየን ይገባል።

ወረቀት ስል፣ ብዙዎቻችን ያልተጠቀምንበት መብት አለ። በሜሪላንድ የመንግሥትን ሰነድ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ቢሮው ሰነዱን ለማቅረብ ከ10 የሥራ ቀን በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ ያንን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ መስጠት ወይም መከልከል። ሰነዱን ለመፈለግና ለማዘጋጀት የሚጠፋው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት አይከፈልበትም። እኔ ክረምቱን ማሞቂያ ስለሌለው ሕንፃ ስጠይቅ «ስለዚህ ሕንፃ ያላችሁን ሰነድ ሁሉ» ብዬ ጻፍኩና አስደንጋጭ ሒሳብ መጣልኝ። ሁለተኛ ስጽፍ ቀኑን ወሰንኩ፣ «የማሞቂያ ቅሬታዎችና የፍተሻ ውጤቶች ብቻ» አልኩ፤ ያለ ክፍያ መጣ። ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ ካውንቲው መረጃ በነጻ የሚለቅበትን «ዳታ ሞንትጎመሪ» የሚባል ድረ ገጽ ፈትሹ፤ የቤት ደንብ ጥሰትና የምግብ ቤት ንጽሕና ፍተሻ የመሳሰለው እዚያ ይገኛል።

የዜና ክፍሉን የገንዘብ ነገር ዕድር የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ባለቤት የለውም፣ ትርፍ የሚካፈል የለም፣ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ዓመት ሲደርስ ሒሳቡ ይገለጣል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ድርጅት ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ የሚያስገባው መግለጫ፣ ፎርም 990፣ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሰው ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ብታሳዩት ይሻላል። አዲስ ለምትጀምሩ፣ የዓመት ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር እንደማያልፍ ካሰባችሁ ከግብር ነጻ ለመሆን የሚቀርበውን አጭሩን ማመልከቻ በ275 ዶላር ማስገባት ይቻላል። ወይም በአንድ ነባር ድርጅት ጥላ ሥር መጀመር። አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ትንሽ ድርጅትም ብትሆኑ በየዓመቱ አጭሯን መግለጫ አስገቡ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳያስገባ የቀረ ድርጅት ከግብር ነጻ የመሆን ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፤ ብዙ የተደከመባቸው ማኅበራት በዚህ ብቻ ሲቸገሩ አይቻለሁ።

እንዲህ ያለ ድርጅት ለምርጫ እጩ ድጋፍ መስጠትም አይችልም። አንድ እጩ «የእናንተ ሰው ነኝ በሉልኝ» ብሎ ሲመጣ ሕጉ አዳነን። ለሁሉም እጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ልከን የመለሱትን እኩል አወጣን። የከበደኝ ሌላው ነው። 500 ዶላር የሰጠን አንድ ነጋዴ፣ የምግብ ቤቶች ፍተሻ ላይ ስንሠራ ደውሎ «የወንድሜን ዝለሉት» አለኝ። በማዕድ የማውቀው፣ በለቅሶ የደረሰልኝ ሰው ነው። የሰጠው ገንዘብ እንደሚመለስለት፣ ዜናው ግን እንደሚወጣ ነገርኩት። ዜናው ወጣ። ገንዘቡን አልተቀበለም፣ ከዚያ በኋላም አልሰጠንም። ሰላምታችን እስካሁን እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ደግሞ ቢመጣም ግን ያንኑ ነው የማደርገው። ከለጋሾቻችሁ ጋር ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፦ ስጦታው ጽሑፍ አይገዛም፣ ጽሑፍ አያስቀርም።

ባለፈው ወር የቤዝመንቱ ሰውዬ ፎቶ ላከልኝ። ከሚኖርበት መንገድ ጫፍ ላይ የተተከለ ሰሌዳ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሊሠራ ስለታሰበ ግንባታ የተጻፈ፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ግማሹ በቅጠል የተሸፈነ። «ይህ እኛን ይመለከተናል ወይ?» ይላል መልእክቱ። ቅጠሉን በእጁ ገለል አድርጎ ሌላ ፎቶ እንዲያነሣ ጠየቅሁት። ዘወር ብሎ አነሣ። የሕዝብ ሐሳብ የሚሰማበት ቀን ታች በኩል ተጽፎ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ቀኑን ለአርታኢዋ ጻፍኩላት፤ ለእሱም «የሕንፃውን ጎረቤቶች ስልክ ታውቃለህ?» ብዬ መለስኩለት።